ለአክቹዋሪያል ሒሳብ ዲግሪ ግድ የሆኑ ኮርሶችና ቅደም ተከተላቸው

ጠያቂያችን በኢትዮጵያ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ አጠናቀው፣ አሁን በሜሪላንድ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ካልኩለስ አንድን በመጨረስ ላይ የሚገኙ ተማሪ ናቸው። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በአክቹዋሪያል ሒሳብ፣ ማለትም የመድንና የጡረታን አደጋና ወጪ በሚተምነው ሒሳብ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ አስበዋል። ማወቅ የፈለጉት ለዚህ ዲግሪ ግድ የሆኑት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በምን ቅደም ተከተል መወሰድ እንዳለባቸው፣ እንዲሁም በሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም የሚጠራ ዲግሪ ባይኖር መደበኛ የሒሳብ ዲግሪ ይበቃ እንደሆነ ነው። በመጨረሻም ትምህርቱ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ጥቅም ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። ለአራቱም እንደየክብደታቸው እመልሳለሁ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአሜሪካ አንድ ሰው በሙያው የተሟላ አክቹዋሪ ነው የሚባለው የሙያ ማኅበር የሚያወጣቸውን ተከታታይ ፈተናዎች አልፎ የማኅበሩ አባል ሲሆን ነው፤ ዲግሪው ለዚያ ያዘጋጃል እንጂ ብቻውን ማዕረጉን አይሰጥም። ማኅበራቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1949 ከሁለት ቀደምት ማኅበራት ውሕደት የተፈጠረው የአክቹዋሪዎች ሶሳይቲ ሲሆን በዋናነት የሕይወት መድንን፣ የጤና መድንንና ጡረታን ይመለከታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1914 የተቋቋመው የካዡዋሊቲ አክቹዋሪያል ሶሳይቲ ሲሆን የመኪና፣ የቤት፣ የሥራ ላይ ጉዳትና መሰል መድኖችን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈተናዎች፣ ማለትም የፕሮባቢሊቲና የፋይናንሺያል ሒሳብ ፈተናዎች፣ በሁለቱም ማኅበራት ዘንድ ይቆጠራሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ሥርዓተ ትምህርታቸውን ሲቀርጹ እነዚህን ፈተናዎች እያዩ ስለሆነ፣ የኮርስ ዝርዝሩ በየትምህርት ቤቱ የተለያየ ቢመስልም እምብርቱ አንድ ነው።

ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ትምህርቱ ከሚሰጥበት ክፍል ነው። በሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ እርስዎ ባሉበት ክፍለ ግዛት ደግሞ በታውሰን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በሒሳብ ክፍል ሥር ነው፤ በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ግን በቢዝነስ ኮሌጁ ውስጥ ይሰጣል። በሒሳብ ክፍል የሚማር ተማሪ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) የሚጻፍባቸው የሒሳብ ኮርሶች ይጠበቁበታል፤ በቢዝነስ ኮሌጅ የሚማረው ደግሞ እንደማንኛውም የኮሌጁ ተማሪ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግና የንግድ ሕግ ይወስዳል። ይህ ለሚዛወር ተማሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚወስዳቸው ኮርሶች በአንደኛው ቦታ ለሜጀሩ ሲቆጠሩለት በሌላው እንደ ተጨማሪ ክሬዲት ብቻ ተመዝግበው ይቀራሉ። በሒሳብ ጠንካራ ለሆነ ተማሪ የእኔ ምክር የሒሳብ ክፍሉን መምረጥ ነው፤ የንግዱን ዕውቀት ሥራ ላይም ሆኖ መቅሰም ይቻላል፣ ያልተማሩትን ሒሳብ ግን ከሥራ ጎን ለጎን መሙላት እጅግ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ኮርሶቹ ልግባ። መሠረቱ ሦስቱ የካልኩለስ ኮርሶች ናቸው። በ12ኛ ክፍል ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ኢንቲግራልን ስላዩ የመጀመሪያው ኮርስ ብዙ እንዳልከበደዎት እገምታለሁ። ካልኩለስ ሁለት ላይ ግን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ አሳስባለሁ፤ ተማሪ ሁሉ የሚያማርርባቸው ሁለቱ ምዕራፎቹ፣ ማለትም ኢንቲግራልን በክፍል በክፍል የመሥራት ስልትና (ኢንቲግሬሽን ባይ ፓርትስ) ማለቂያ የሌላቸው ድምሮች፣ ለአክቹዋሪ የዕለት እንጀራ ናቸው። የአንድን ሰው ቀሪ ዕድሜ አማካይ ለማስላት የመጀመሪያው ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ ዛሬ ያለውን ዋጋ ለማግኘት ደግሞ የጂኦሜትሪክ ድምር ያስፈልጋል። በእነዚህ ላይ ሲ አግኝቶ ማለፍ ለትራንስክሪፕቱ ይበቃ ይሆናል፣ ለቀጣዩ ኮርስ ግን አይበቃም።

ካልኩለስ ሦስት የብዙ ተለዋዋጮች ካልኩለስ ነው። ብዙ ተማሪዎች ‹ይህ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ ጉዳይ ነው፣ ለመድን ምን ያደርጋል?› ይላሉ። መልሱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በአንድ ዓመት ውስጥ አደጋ የሚደርስበትን ጊዜና አደጋው ለመድን ድርጅቱ የሚነገርበትን ጊዜ እንውሰድ። ሁለቱም ከ0 እስከ 1 ዓመት ባለው ውስጥ ናቸው፤ የሪፖርቱ ጊዜ ሁልጊዜ ከአደጋው ጊዜ በኋላ ነው፤ ይህ የሚሠራው የሦስት ማዕዘን ሜዳ ላይ የሁለቱ የጋራ ዴንሲቲ (ፕሮባቢሊቲው በሜዳው ላይ የተሰራጨበት መጠን) በየትም ቦታ 2 ነው እንበል። የሪፖርቱ ጊዜ ከአደጋው ጊዜ እጥፍ የማይደርስ የመሆኑ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? ሜዳውን በወረቀት የሳለ ተማሪ የሪፖርቱን ጊዜ ቀድሞ ይይዝና፣ የአደጋው ጊዜ ከዚያ ግማሽ ጀምሮ እስከዚያው ድረስ እንደሚሄድ ያያል። ርዝመቱ የሪፖርቱ ጊዜ ግማሽ ነው፤ በ2 ሲባዛ ራሱ የሪፖርቱ ጊዜ ይሆናል፤ ያንን ከ0 እስከ 1 ኢንቲግሬት ሲያደርግ ግማሽ ያገኛል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከአደጋው ጊዜ የጀመረ ተማሪ ግን ግማሽ ዓመት ላይ ሲደርስ የላይኛው ወሰን ስለሚለወጥበት ሥራውን ለሁለት መክፈል ግድ ይሆንበታል። መልሱ ያው ነው፣ ጊዜው ግን እጥፍ ነው። የፕሮባቢሊቲ ፈተናው በ3 ሰዓት ውስጥ 30 ጥያቄዎች የሚመለሱበት፣ ማለትም ለአንድ ጥያቄ 6 ደቂቃ የሚደርስበት ነውና፣ ድርብ ኢንቲግራልን ከየት በኩል መጀመር እንደሚሻል በዓይን ማየት መቻል የማለፍና የመውደቅ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከካልኩለስ ሦስት ቀጥሎ የሚመጣው የፕሮባቢሊቲ ኮርስ የዲግሪው ማጠፊያ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ኮርሶች ወደ እሱ ያደርሳሉ፤ ከሱ በኋላ ያሉት የስታቲስቲክስ፣ የሕይወት መድን ሒሳብና የአደጋ ሞዴል ኮርሶች ሁሉ እሱን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋሉ። ስለዚህ ይህ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ከዘገየ የምረቃው ጊዜም አብሮ ይዘገያል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በኮሚኒቲ ኮሌጆች የሚሰጠው የመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ ካልኩለስን ቅድመ ሁኔታ የማያደርግ ነው፤ ለነርሲንግም ለሳይኮሎጂም ተማሪዎች አንድ ላይ የሚሰጥ ጠቃሚ ኮርስ ሲሆን፣ ለአክቹዋሪያል ሒሳብ ግን የፕሮባቢሊቲውንም ሆነ የማቲማቲካል ስታቲስቲክሱን ቦታ አይተካም። ያንን ወስደው ‹ስታቲስቲክስ ጨርሻለሁ› ብለው የሚዛወሩ ተማሪዎች በአዲሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይጀምራሉ።

ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ የፕሮባቢሊቲው ተከታይ ነው። ግምት እንዴት እንደሚሠራ፣ ግምቱ ምን ያህል እንደሚታመን፣ ሁለት ሞዴሎች እንዴት እንደሚመዛዘኑ የሚያስተምረው እሱ ነው። ከዚያ ሪግሬሽን (አንድን መጠን ከሌሎች መጠኖች ተነስቶ መገመት) እና ታይም ሲሪስ (በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ መረጃን መተንተን) ይከተላሉ። የአክቹዋሪዎች ሶሳይቲ ፈተናዎች ባለፉት ዓመታት ወደዚህ አቅጣጫ በግልጽ አዘንብለዋል፤ ለአሶሼት ማዕረግ (ለመጀመሪያው የአባልነት ደረጃ) ከሚጠየቁት መካከል ስታቲስቲክስ ለሪስክ ሞዴሊንግ የተባለው ፈተናና የፕሪዲክቲቭ አናሊቲክስ ፈተና ይገኛሉ። የካዡዋሊቲው ማኅበርም በዘመናዊ አክቹዋሪያል ስታቲስቲክስ ሁለት ፈተናዎች አሉት። የመኪና መድን አረቦን ዛሬ በአብዛኛው የሚወሰነው ጄነራላይዝድ ሊኒየር ሞዴል በሚባለው፣ ሪግሬሽንን በሚያሰፋው ስልት ስለሆነ ነገሩ የሚያስገርም አይደለም።

ሊኒየር አልጀብራ ለሪግሬሽን የግድ ነው፤ በጤነኛ፣ በአካል ጉዳተኛና በሟች መካከል የሚደረግን ሽግግር የሚገልጹት የማርኮቭ ሰንሰለቶችም በማትሪክስ ይሠራሉ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን በአንዳንድ ፕሮግራሞች ግዴታ ነው፣ በሌሎች ምርጫ ነው። ምርጫ በሆነበትም ቢሆን ብትወስዱት ባይ ነኝ፤ የዴንማርኩ የሒሳብ ሰው ቶርቫልድ ቲለ እ.ኤ.አ. በ1875 የጻፈው፣ የአንድ የሕይወት መድን ውል መጠባበቂያ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጸው ኢኩዌሽን በየመማሪያው መጽሐፍ አለ፤ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ላልተማረ ሰው ግን እንደ ቃል በቃል ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል።

የፋይናንሺያል ሒሳብ ኮርስ፣ በአንዳንድ ቦታ የወለድ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው፣ ከሁሉም ቀድሞ ሊወሰድ የሚችል ስለሆነ በእርስዎ ሁኔታ ልዩ ቦታ አለው። ይዘቱ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ፣ ተከታታይ ክፍያዎች፣ ብድር፣ ቦንድ፣ እንዲሁም ሀብትና ዕዳን በወለድ ለውጥ ፊት ማመጣጠን ነው። 10,000 ዶላር በዓመት 6 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ5 እኩል ዓመታዊ ክፍያዎች የሚመልስ ሰው በየዓመቱ 2,373.96 ዶላር ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ውስጥ 600 ዶላሩ ወለድ ነው፣ 1,773.96 ዶላሩ ከዋናው ዕዳ ይቀንሳል። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ ወደ 493.56 ይወርድና ከዋናው የሚቀነሰው 1,880.40 ይሆናል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ቢያካፍሉት 1.06 ያገኛሉ፤ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም ዓመት እንዲሁ ነው። ከዋናው የሚቀነሰው መጠን በየዓመቱ በወለዱ መጠን ያድጋል ማለት ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የአራተኛውን ዓመት ድርሻ ለማወቅ ሙሉ ሠንጠረዥ መሥራት አያስፈልገውም። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ውስጥ ፕሮባቢሊቲም፣ ድርብ ኢንቲግራልም የለም። የጂኦሜትሪክ ድምርና መጠነኛ ዴሪቬቲቭ የሚያውቅ ሰው፣ ማለትም ካልኩለስ ሁለትን የጨረሰ ተማሪ፣ ይህን ፈተና በግል ጥናት ሊያልፈው ይችላል።

የፕሮባቢሊቲውና የፋይናንሺያል ሒሳቡ መንገዶች መገናኛ የሕይወት መድን ሒሳብ ኮርስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሴሚስተር ይሰጣል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚከፈል 1,000 ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ዛሬ 613.91 ዶላር ያወጣል። ክፍያው የሚፈጸመው ሰውዬው በሕይወት ካለ ብቻ ቢሆንና እስከዚያ የመኖሩ ፕሮባቢሊቲ 0.97 ቢሆን ዋጋው ወደ 595.50 ይወርዳል። ቀሪው ኮርስ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያና ማስፋፊያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ አረቦን እንዴት ይተመናል፣ ድርጅቱ በየዓመቱ መጨረሻ ስንት መጠባበቂያ መያዝ አለበት፣ ባልና ሚስት በአንድ ውል ሲገቡ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች በሙሉ በወለድና በየዕድሜው የመሞትን ፕሮባቢሊቲ በሚዘረዝረው የሕልፈት ሠንጠረዥ ጥምረት ይመለሳሉ። መስኩ ረጅም ታሪክ አለው፤ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌ የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1693 ነው፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ ደግሞ የሰው ልጅ የመሞት መጠን ከጎልማሳነት በኋላ በዕድሜ ብዛት በተመጣጣኝ ብዜት እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1825 አሳይቷል። ቀመሩ እስከ ዛሬ በክፍል ውስጥ ይሠራበታል።

ከሕይወት መድኑ ጎን የአደጋ ሞዴሎች ኮርስ አለ፤ አደጋ ስንት ጊዜ እንደሚደርስና በደረሰ ቁጥር ስንት እንደሚያስከፍል ለየብቻ ሞዴል አድርጎ ማጣመርን ያስተምራል። የአክቹዋሪዎች ሶሳይቲ ፈተናዎቹን በየጊዜው ያሻሽላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአጭርና የረጅም ጊዜ ሞዴሎችን መሠረታዊ ይዘት በአንድ የአክቹዋሪያል ሒሳብ መሠረቶች ፈተና ውስጥ አጣምሮ፣ ከዚያ በላይ ተማሪው ከሁለቱ ዘርፎች አንዱን እንዲመርጥ አድርጓል። ስለዚህ የቆየ የኮርስ ዝርዝር ወይም የቀድሞ ተማሪ ያወረሳችሁን ማስታወሻ ይዛችሁ ስትዘጋጁ የፈተናውን ስም ከማኅበሩ የወቅቱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ፕሮግራሚንግን በተመለከተ አንድ የመግቢያ ኮርስ ይበቃል፤ ፓይተን ወይም አር ቢሆን ልዩነት የለውም። ኤክሴልን ግን በደንብ መቻል፣ ከዳታቤዝ መረጃ ለማውጣት የሚያስችለውንም ኤስኪውኤል ማወቅ ብዙ ቀጣሪ የሚጠይቀው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ንግድ ነክ ኮርሶቹ ልለፍ፤ ‹ለሒሳብ ተማሪ ለምን ይሄ ሁሉ ኢኮኖሚክስ?› ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። የአክቹዋሪዎች ሶሳይቲ በፈተና የማይለካቸው፣ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ኮርስ ተወስደው እንዲረጋገጡ የሚፈልጋቸው ሦስት መስኮች አሉ፤ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ። በኢኮኖሚክስ ማይክሮም ማክሮም ያስፈልጋሉ። በእነዚህ ኮርሶች ቢያንስ ቢ ማይነስ ማምጣት ግድ ነው፤ ሲ ፕላስ ለዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ቢያልፍም ለማኅበሩ አያልፍም። ከዚህም በላይ ኮርሱ በማኅበሩ ማውጫ ውስጥ በትምህርት ቤቱ ስም የጸደቀ መሆን አለበት። ማይክሮ፣ ማክሮና የመግቢያ አካውንቲንግ በኮሚኒቲ ኮሌጅ በጥቂት ገንዘብ የሚወሰዱ ስለሆኑ አሁን ቢጨርሷቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ከመመዝገብዎ በፊት የኮሌጅዎን ስምና የኮርሱን ኮድ በማውጫው ላይ ፈልገው ያግኙ። የፋይናንሱን ኮርስ ለሚዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ ያቆዩት።

ስለ ቅደም ተከተሉ ያለኝ ሐሳብ ከተለመደው ምክር ትንሽ ይለያል። ብዙ አማካሪዎች የፕሮባቢሊቲውን ፈተና አንደኛ፣ የፋይናንሺያል ሒሳቡን ሁለተኛ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ በአንደኛ ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ትክክል ነው። ለእርስዎ ግን ተቃራኒው ይሻላል። ለአክቹዋሪ ኢንተርንሺፕ የሚደረገው ምልመላ በአብዛኛው በመኸር፣ በመስከረምና በጥቅምት ግድም፣ ለሚቀጥለው የአሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) የሚካሄድ ነው። እርስዎ ሲዛወሩ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይሆናሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁለት ወር እንኳ ሳይቆዩ የሥራ አውደ ርዕዩ ላይ ይቆማሉ፤ ከአጠገብዎ የሚሰለፉት ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ አንድ ፈተና ያለፉ ናቸው። የፕሮባቢሊቲውን ኮርስ የሚጀምሩት ገና በዚያው ሴሚስተር ስለሆነ ፈተናውን እስከዚያ ለማለፍ ጊዜ አይኖርዎትም። የፋይናንሺያል ሒሳቡን ግን ካልኩለስ ሁለትን እንደጨረሱ በኮሚኒቲ ኮሌጅ እያሉ ሊያልፉት ይችላሉ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ 2 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ 30 ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ያሉት ነው፤ ከ10 ነጥብ 6 ማለፊያ ነው። በማኅበሩ የተፈቀዱ ካልኩሌተሮች ብቻ ናቸው የሚገቡት፤ ቢኤ ሁለት ፕላስ የተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ካልኩሌተር ተከታታይ ክፍያዎችን በቀጥታ ስለሚሠራ ጥናትዎን ከመጀመሪያው ቀን በእሱ ይጀምሩ።

እንግዲህ መንገዱ እንዲህ ይሆናል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ካልኩለስ ሁለትንና ማይክሮ ኢኮኖሚክስን፤ ከዚያ ካልኩለስ ሦስትን፣ ማክሮንና የፕሮግራሚንግ ኮርሱን፤ ከመዛወርዎ በፊት ባለው የመጨረሻ ሴሚስተር ሊኒየር አልጀብራንና አካውንቲንግን ይወስዳሉ፤ የፋይናንሺያል ሒሳብ ጥናቱ ከካልኩለስ ሁለት በኋላ ባለው የእረፍት ጊዜ ተጀምሮ ከመዛወርዎ በፊት በፈተና ይደመደማል። በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ሴሚስተር ፕሮባቢሊቲ፣ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ባለው እረፍት የፕሮባቢሊቲው ፈተና፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ማቲማቲካል ስታቲስቲክስና የሕይወት መድን ሒሳብ አንድ፤ በመጨረሻው ዓመት የሕይወት መድን ሒሳብ ሁለት፣ የአደጋ ሞዴሎች፣ ሪግሬሽንና ፋይናንስ ይከተላሉ። አጠቃላይ ትምህርቶች፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ላቦራቶሪ ያለው ሳይንስ፣ በየመካከሉ ይገባሉ፤ ዲግሪው ለሚጠይቃቸው 120 ገደማ ክሬዲቶች እነሱም ሰፊ ድርሻ ይይዛሉና በኮሚኒቲ ኮሌጁ ቢያልቁ ገንዘብም ይቆጥባሉ፣ ለኋለኞቹ ከባድ ሴሚስተሮችም ፋታ ይሰጣሉ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርሱን ግን እንደ ማሟያ አይዩት፤ ትክክለኛ ስሌት ሠርቶ ለሥራ አስኪያጅ በሁለት ገጽ ማስረዳት የማይችል አክቹዋሪ ዕድገቱ ይገታል።

መደበኛ የሒሳብ ዲግሪ ይበቃል ወይ ለሚለው፣ አዎን፣ ይበቃል። ቀጣሪዎች የሚያዩት ያለፏቸውን ፈተናዎች፣ አማካይ ውጤትዎንና ኢንተርንሺፕዎን ነው። በሒሳብ ወይም በስታቲስቲክስ ዲግሪ ሥር ፕሮባቢሊቲን፣ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስን፣ ሪግሬሽንንና ሦስቱን የተረጋገጡ መስኮች ያሟላ ተማሪ፣ የሕይወት መድን ሒሳቡን ራሱ ቢያጠናው ምንም አይጎድለውም። የአክቹዋሪያል ፕሮግራም ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ፈተናውን አብረው የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ ያለፉ መምህራን፣ ግቢው ድረስ የሚመጡ ቀጣሪዎች ይገኙበታል። የአክቹዋሪዎች ሶሳይቲ የልህቀት ማዕከል ብሎ ከሰየማቸው ዩኒቨርሲቲዎች በአንዳንዶቹ ደግሞ በኮርስ ውጤት ብቻ ለተወሰኑ ፈተናዎች ዕውቅና ማግኘት ይቻላል። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብለውዎት በክፍያ የሚቀራረቡ ከሆነ ፕሮግራም ያለውን ይምረጡ፤ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ዶላር ብድር ከሆነ ግን ለስሙ ብለው ዕዳ ውስጥ አይግቡ።

ስለ ኢትዮጵያ የጠየቁት ከልብ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ የጡረታ መውጫው ዕድሜ በመደበኛው 60 ዓመት ነው። ይህ 18 በመቶ ከ30 ዓመት በኋላ ለሚከፈለው ጡረታ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ በደመወዝ ዕድገት፣ በዋጋ ንረት፣ በወለድና ጡረተኛው ከ60 በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጨረሻውን ለማወቅ የሀገሪቱን ሕዝብ የሕልፈት ሠንጠረዥ ማውጣት ያስፈልጋል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑና የሞት ምዝገባው ገና የተሟላ ባለመሆኑ፣ ሥራው ሙሉ መዝገብ እንዳላቸው ሀገራት በመቁጠር ብቻ አያልቅም። የሕይወት መድን ሥራውም፣ በየወረዳው የተቋቋመው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም፣ በአባላቱ ብዛትና በመዋጮው መካከል ሚዛን መጠበቅ ያለበት እድርም ያው ጥያቄ አለባቸው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ኮርስ የሚጠቅመው የሰርቫይቫል ሞዴሎች (ሰዎች እስከ መቼ እንደሚኖሩ የሚገምቱ ሞዴሎች) ይዘት ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው፣ ሌላው ከሕይወት መድን ሒሳቡ ጋር ይሰጠዋል። አሥር ሰዎችን እየተከታተልን ነው እንበል። አንዱ ሞተ፤ ከዚያ ሌላው አድራሻ ቀይሮ ከክትትላችን ወጣ፤ ከዚያ ከቀሩት ስምንት አንዱ ሞተ። የመኖር ፕሮባቢሊቲው ስንት ነው? የጠፋውን ሰው እንደ ሟች ብንቆጥር 0.70፣ እስከ መጨረሻ እንደኖረ ብንቆጥር 0.80 እናገኛለን፤ ሁለቱም የማናውቀውን እንደምናውቅ መቁጠር ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ስልት ግን እያንዳንዱን ሞት በዚያች ሰዓት በክትትል ላይ ከነበሩት ጋር ብቻ እናነጻጽራለን፤ አሥር ከነበሩት ዘጠኝ ኖሩ፣ ስምንት ከነበሩት ሰባት ኖሩ፣ 0.9 በ0.875 ሲባዛ 0.7875። ከክትትል የጠፋው ሰው እስከታየበት ጊዜ ድረስ የሰጠውን መረጃ ሰጥቶናል፣ ከዚያ በላይ አላስገደድነውም። መዝገቡ በጎደለበት ሀገር ለሚሠራ አክቹዋሪ ይህ የቀን ተቀን መሣሪያው ነው። ወደፊት በኢትዮጵያ ወይም በምሥራቅ አፍሪካ የመሥራት ሐሳብ ካለዎት የብሪታንያው የአክቹዋሪዎች ኢንስቲትዩትና ፋኩልቲ ፈተናዎችም በአካባቢው በሰፊው የታወቁ መሆናቸውን ይያዙ፤ መሠረታዊ ይዘታቸው እዚህ ከዘረዘርኩት ጋር በእጅጉ ስለሚቀራረብ አንዱን የተማረ ለሌላው ባዳ አይሆንም።

ለአሁኑ ምዝገባዎ የሚያስፈልግዎት ሁለት ሥራ ነው። ሊዛወሩባቸው ከሚያስቧቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሁለቱን የአራት ዓመት የኮርስ ዕቅድ ያውርዱና፣ በኮሌጅዎ ያሉት የካልኩለስ፣ የሊኒየር አልጀብራና የአካውንቲንግ ኮርሶች እዚያ ለሜጀሩ በየትኛው የኮርስ ቁጥር እንደሚቆጠሩ የትራንስፈር አማካሪውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ ማረጋገጫ አማካሪው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ካልኩለስ ሁለት ላይ ይመዝገቡ፤ በዚያው ሴሚስተር ከሥራዎ ሰዓት ላይ መቀነስ የሚችሉ ከሆነም የሚቀንሱበት ሴሚስተር እሱ ይሁን።